ሒሳብና ጉርሻ

«ጉርሻ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያውን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ እንጀራውን ጠቅልለን፣ ከወጡ አጥቅሰን፣ «በሞቴ!» ብለን በሰው አፍ የምናደርገው ነው። ሁለተኛውን የወለደው ከተማ ነው። በልተን፣ ጠጥተን፣ ሒሳብ ከፍለን ስናበቃ ከመልሱ ላይ ቆንጠር አድርገን ለአስተናጋጁ የምንተውለት ገንዘብም ጉርሻ ይባላል። አማርኛ እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ስም መጥራቱን እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ይህ ጽሑፍ ግን እዚያው ላይ ትንሽ ሊቆም ይፈልጋል።

የአፍ ጉርሻ የራሱ ሕግ አለው። አጉራሽና ጎራሽ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሰው በሩቁ አይጎርስም፤ በወኪልም አያጎርስም። ከዚህም በላይ አንድ ጉርሻ ብቻውን አይበቃም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል» የሚባለው ለቀልድ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ አጉርሶ እጁን የሚሰበስብ ሰው ነገሩን ጀመረው እንጂ አልጨረሰውም፤ የፊተኛው ጉርሻ ትርጉም የሚታወቀው የኋለኛው ሲከተለው ነው። እንግዲህ ፍቅር የሚባለው ነገር ያለው ከአንድ ወደ ሁለት በሚደረገው ጉዞ ውስጥ ነው ማለት ነው።

የገንዘቡ ጉርሻስ? በሰፈራችን ምግብ ቤት ከሆነ እርሱም ሁለተኛ አለው። ዛሬ ጉርሻ የተውንለት ልጅ ነገ ስንመጣ ያውቀናል። የለመድነውን ጥግ ይይዝልናል፤ ጥብሱ የቆየ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ በጆሯችን ይነግረናል። ይህ ሁለተኛ የማይመጣበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ እርሱም የአውሮፕላን ማረፊያ ምግብ ቤት ነው። እዚያ ተቀምጦ የሚበላ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰማይ ላይ ነው። አስተናጋጁን ዳግመኛ አያየውም፤ አስተናጋጁም እርሱን። ጥያቄያችንም ይኸው ነው፦ ዳግመኛ ለማናየው ሰው ምን ዕዳ አለብን? በማንመለስበት ቦታ ላይ መልካም መሆን ለምን ያስፈልጋል?

በአውሮፓና በአሜሪካ ትልልቅ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ውስጥ የባሕር ምግብ የሚሸጡ ቀለል ያሉ ቤቶች የተለመዱ ናቸው። በ1950 እ.ኤ.አ. በቦስተን አጠገብ በምትገኘው በኬምብሪጅ ከተማ እንደ ዓሣ መሸጫ ሱቅ የተጀመረው «ሊጋል ሲ ፉድስ» ኋላ አድጎና ተመንድጎ ቦስተን ሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ገብቷል። መንገደኛው ቦርሳውን በእግሩ መሐል አጥብቆ ይይዛል፤ አንድ ዓይኑን በሾርባው፣ ሌላውን በበረራ ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል፤ ከተማዋንም በምላሱ ይሰናበታታል። ከጎኑ ያለው ሰው ማን ነው? አይጠይቅም። ከወዴት መጣ? ወዴትስ ይሄዳል? ምን አገባው!

እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም፤ ሐይቅ ግን አለን። ከዱቦ ተነሥቶ አርባ ምንጭ ላይ አውሮፕላን የሚሳፈር የወላይታ ሰው ሶዶንና ሁምቦን አልፎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ቀይማውን የአባያን ውሃ በግራው እያየ አርባ ምንጭ ሲደርስ ሁለት ሐይቆች መሐል ይገኛል፤ አባያና ጫሞ። እዚያ ደርሶ ዓሣ ሳይቀምስ የሚሄድ ሰው ብዙ አይደለም። ሻንጣውን ከወንበሩ ሥር ሸጉጦ፣ ሰዓቱን በየደቂቃው እያየ፣ ጥብሱን ወይም ጉላሹን ያዛል። በሐዋሳ በኩል የሚሄደውም እንደዚያው ነው። አሞራ ገደል ጎራ ብሎ፣ አባ ኮዳዎቹ ትራፊ በሚጠብቁበት የሐይቅ ዳር፣ ከውሃ የወጣ ትኩስ ዓሣ በልቶ ወደ ማረፊያው ይጣደፋል። ምግብ ቤቱ ከማረፊያው አጥር ውጭ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። ተመጋቢው በልቡ ተሳፍሯል።

አንባቢ «ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ዳጣ በሚታወቅ አገር ስለ ዓሣ ማውራት ምን አመጣው?» ይል ይሆናል። ዓሣ የመጣው በተረቱ ምክንያት ነው። አባቶቻችን «ዓሣን መብላት በብልሃት» ብለዋል። አጥንት አለውና የችኩል ሰው ምግብ አይደለም። ዓሣ የሚበላ ሰው ቀስ ማለት፣ በጣቱ መዳሰስ፣ ያጎረሰውም እንደሆነ አጥንቱን ለይቶ ማጉረስ አለበት። የአውሮፕላን ማረፊያ ምግብ ቤት ደግሞ የጥድፊያ ቦታ ነው። እዚያ ያለ ዓሣ በላተኛ ሁለት ተቃራኒ ጌቶች አሉት፤ አንደኛው ቀስ በል ይለዋል፣ ሁለተኛው ፍጠን። አሸናፊው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ለዚህ ነው መንገደኛ አጥንት የሌለው፣ ጭንቅላትና ጅራት የሌለው፣ ዓሣነቱን የረሳ ቁራጭ ሲቀርብለት ደስ የሚለው። ነገሩ የአጥንት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከአጥንቱ ጋር ሌላም ነገር ይወጣል፤ ያጠመደው፣ ያጠበው፣ የጠበሰው፣ ያቀረበው ሰው ሁሉ ከሳህኑ ላይ አብሮ ይነሣል።

በዚህ ላይ የመንገደኛው ብቸኝነት አለ። በአገራችን ሰው ሲሄድ ብቻውን አይሄድም ነበር፤ ስንቅ ይቋጠርለታል፣ ይሸኛል፣ ይመረቃል። ዛሬም ቢሆን ቦሌ ሄዶ የሸኚውን ብዛት ያየ ሰው ይህ ልማድ እንዳልሞተ ያውቃል። እናት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ የአክስት ልጅ አለ። ነገር ግን ሸኚ ከፍተሻው በር አያልፍም። ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው ልጅም፣ ለስብሰባ የሚሄደው ሹምም፣ ከበሩ ወዲያ ብቻቸውን ናቸው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ያደገ ሰው ከበሩ ባሻገር ብቻውን ይበላል፤ ያውም «እንብላ» የሚለው ሰው ሳያገኝ። በአጠገቡ ላለው ሰው «እንብላ» ቢልስ? ሰውየው ደንግጦ ቦርሳውን ወደ ራሱ ይስበው ይሆናል።

ሰው በእንዲህ ያለ ቦታ ምን ዓይነት ሰው ይሆናል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በፕላቶን «ሪፐብሊክ» ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ ግላውኮን የጊጌስን ቀለበት ታሪክ ያነሣል። እረኛ የነበረ ሰው በጣቱ ሲያዞረው ከሰው ዓይን የሚሰውር ቀለበት አገኘ። ቀለበቱን ተማምኖ ንጉሡን ገደለ፤ ዙፋኑንም ወሰደ። የግላውኮን ሙግት አጭር ነው፦ ሰው ደግ የሚሆነው ስለሚታይ ነው፤ የማይታይ ቢሆን ጻድቁና ኃጥኡ አንድ ዓይነት በሆኑ ነበር።

የመሳፈሪያ ወረቀት ትንሽዬ የጊጌስ ቀለበት ናት። ያዢውን ከዓይን አትሰውረውም፤ ከነገ ግን ትሰውረዋለች። አስተናጋጇን ቢያመናጭቅ ነገ አያፍርባትም። ጠረጴዛውን አበላሽቶ ቢሄድ ስሙ አይነሣም። ሰፈሩ ቢሆን «የእገሌ ልጅ እኮ ነው» ይባል ነበር። እዚህ ግን የማንም ልጅ አይደለም፤ የበረራ ቁጥር ነው።

ይሁንና አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ብዙ ሰው በማይመለስበት ምግብ ቤትም ጉርሻ ይተዋል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሮበርት ፍራንክ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው በስሜቶችና በጥቅም ላይ ባተኮረ መጽሐፉ ይህንኑ ምሳሌ አንሥቶ ነበር። ሰው ሁሉ ጥቅሙን ብቻ የሚያሰላ ፍጡር ከሆነ፣ ዳግመኛ በማይደርስበት ከተማ ገንዘቡን ለምን ይተዋል? የፍራንክ መልስ በአጭሩ ሲነገር ይህን ይመስላል፦ በእውነት ታማኝ የሆነ ሰው ጠባዩ በፊቱና በሁኔታው ላይ ይታያል፤ ሰዎችም እርሱን መርጠው አብረውት ይሠራሉ፤ ስለዚህ ማንም ሳያየው መልካም የመሆን ልማድ ዞሮ ዞሮ ባለቤቱን ይጠቅመዋል።

መልሱ ብልህ ነው። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አያጠግብም። መጀመሪያ ስለ አስተናጋጁ ተጠይቆ በመጨረሻ ስለ ተመጋቢው ጠባይ መለሰ። ጉርሻው ዞሮ ወደ አጉራሹ አፍ ገባ ማለት ነው።

ከሌላው ወገን የሚመጣውን ሙግት ደግሞ በሚገባ መስማት ያስፈልጋል፤ ጠንካራ ነውና። ነጋዴው መንገደኛ እንዲህ ይላል፦ «እኔ እንግዳ አይደለሁም፤ ደንበኛ ነኝ። የተጠየቅሁትን ዋጋ፣ ያውም ከከተማው የበለጠውን፣ ከፍያለሁ። ገንዘብ ያለው መልካም ነገር ይኸው ነው፤ ከውለታ ነፃ ያወጣል። በድሮው እንግድነት ጊዜ ሰው የሰው ፊት እያየ ይበላ ነበር። ባለቤቱ ከተከፋ እንግዳው ይሳቀቃል፤ ድሃው እንግዳ በር አካባቢ ይቀመጣል፤ ባለጠጋው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እዚህ ግን ሁላችንም እኩል ነን። በልተን እንከፍላለን፤ ከፍለን እንሄዳለን። ሒሳብ ተዘጋ።»

ይህን ሙግት የሚንቅ ሰው የሰው ፊት እያየ በልቶ የማያውቅ ሰው ነው። ለውለታ የተጎነበሰች አንገት ምን ያህል እንደምትደክም የሚያውቅ ሁሉ ሒሳብን ያመሰግናል። ከቤት ሠራተኝነት ወጥታ የአስተናጋጅነት ደመወዝ የምትበላ ልጅም ከጌቶች ቸርነት ይልቅ ሒሳብን ትመርጥ ይሆናል። ስለዚህ ችግሩ ሒሳብ መኖሩ አይደለም። ጥያቄው «ሒሳብ ተዘጋ» የሚለው ቃል እውነት ነው ወይ ነው።

እውነት የሚመስለው ከሄያጁ ወንበር ላይ ሆነን ስናየው ብቻ ነው። እስቲ ወንበር እንለውጥና በአስተናጋጁ እግር እንቁም። ለመንገደኛው ይህ ምሳ የአንድ ጊዜ ነገር ነው። ለአስተናጋጁ ግን መንገደኛ የአንድ ጊዜ ነገር አይደለም። መንገደኛ በየቀኑ ይመጣል። ትናንት ኮት ለብሶ መጥቶ ነበር፤ ዛሬ ነጠላ አጣፍቶ መጣ፤ ነገ የውጭ አገር ቋንቋ እየተናገረ ይመጣል። ፊቱ ይለዋወጣል እንጂ ሰውየው አንድ ነው፤ ስሙም መንገደኛ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የቦሌ ማስፋፊያ የማረፊያውን አቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዳደረሰው ተነግሯል። ለሚሄደው ሰው ይህ ቁጥር ሕዝብ ነው። ጠረጴዛ ለሚያጸዳው ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ የሚገባና የሚወጣ፣ አንዳንዴ የሚያመሰግን፣ አንዳንዴ ጣቱን የሚያጮኽ አንድ ረጅም ሰው ነው።

«ዳግመኛ አንገናኝም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት የሚሆነው ለዚህ ነው። እኔ አልመለስም፤ መንገደኛ ግን ይመለሳል። የእኔ ምሳ የመንገደኛ ረጅም ሕይወት ውስጥ አንድ ቀን ናት። ዛሬ እኔ ያመናጨቅኋት ልጅ ነገ ለሚመጣው ሰው ፊቷን ታጠቁርበታለች፤ እርሱም ሳያውቀው የእኔን ዕዳ ይከፍላል። ትናንት አንዱ አመስግኗት ሄዶ ከሆነም ዛሬ በፈገግታዋ የምጠቀመው እኔ ነኝ፤ ሳላውቀው የሰው ብድር በላሁ ማለት ነው። ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ «የድርጊትህ መመሪያ የሁሉም ሕግ ቢሆን ትወድ ነበርን?» የሚል ትርጉም ያለው ፈተና አቁሞልናል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ግን «ቢሆን» የሚለው ቃል እንኳ አያስፈልግም። ሁሉም በተራ እየመጣ እያደረገው ነው። ልዩነቱ እያንዳንዳችን አንዷን ተራ ብቻ ማየታችን ነው።

ይህ ከአስተናጋጁ አልፎ እስከ ሐይቁ ይደርሳል። ዓሣ በላተኛው ለራሱ የበላው አንድ ቆሮሶ ነው። ለሐይቁ ግን በላተኛ አያልቅም። በተለይ በዐቢይ ጾም፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሳይዘጋ፣ ገበያው ይደራል። የጫሞ ሐይቅ ስሙ የገነነበት ትልቁ የናይል ፐርች ዓሣ እየተመናመነ መምጣቱን የመስኩ ባለሙያዎች ሲያመለክቱ ቆይተዋል። ሀብቱ ተጠብቆ በአግባቡ እንዲሠራበት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጅ ግን ሐይቅ ዳር ቆሞ መረብ አይለካም። አጥማጁ ገና ያልደረሰውን ዓሣ የሚያወጣው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ከከተማ የሚመጣው ጠያቂ ስለማያልቅበትና ቤቱ ልጆች ስላሉ ነው። ጠያቂው ደግሞ ሒሳቡን ከፍሎ ሄዷል። በሳህኑ ላይ የነበረው ዓሣ ለመውለድ ደርሶ ነበር አልደረሰም ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ አልነበረውም፤ አውሮፕላኑ ይጠብቀዋል።

ከዚህ የከፋውን ማየት የሚፈልግ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይመልከት። እዚያ ዓሣው ራሱ ተሳፋሪ ሆኗል። የናይል ፐርች በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከውጭ መጥቶ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ የአገሬውን ትንንሽ ዓሣ በልቶ ጨረሰ። ከዚያም ከነጩ ሥጋው የተዘጋጀው ቁራጭ ከምዋንዛ በአውሮፕላን እየተጫነ ወደ አውሮፓ ሄደ። የኦስትሪያው ፊልም ሠሪ ሁበርት ዛውፐር በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፊልሙ ለአገሬው የቀረለት ጭንቅላቱና አጥንቱ እንደነበረ አሳይቷል። የታንዛኒያ መንግሥት ፊልሙ አገሪቱን ያለ አግባብ ያጠቁራል ብሎ አጥብቆ ተቃውሞታል። የክርክሩ አሸናፊ ማንም ይሁን ማን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ በማረፊያው ምግብ ቤት የሚቀርብ አጥንት የሌለው ዓሣ፣ አጥንቱ የሆነ ቦታ ቀርቷል።

እስካሁን ስለ ሄያጅና ስለ ቀሪ ተናግረናል። አሁን ደግሞ ሌላ መጠበቂያ ቦታ እንመልከት፤ ከዱቦ ተነሥተናልና ወደ ዱቦ እንመለስ። በወላይታ፣ አረካ አጠገብ በምትገኘው በዚህች ትንሽ ከተማ በካቶሊክ ሚሲዮን የተመሠረተው የቅድስት ማርያም ሆስፒታል አለ። እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ሆስፒታሎች ሁሉ እዚህም በሽተኛ ብቻውን አይመጣም፤ አስታማሚ አለው። አስታማሚዎቹ ከየቀበሌው የተሰባሰቡ፣ ከዚያ ቀን በፊት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። እነርሱም ይጠብቃሉ፤ እነርሱም ቦርሳ፣ ፌስታልና ጀሪካን ይዘዋል፤ እነርሱም አንድ ቀን ተነሥተው ይሄዳሉ። በአብዛኛው ዳግመኛ አይገናኙም። ሲታሰብ ከአውሮፕላን ማረፊያ ምን ይለየዋል?

የሚለየው ምሳ ሰዓት ሲደርስ ነው። ጎዶሬውና ስኳር ድንቹ፣ ቂጣውና ጎመኑ ከየፌስታሉ ሲወጣ «ኑ እንብላ» ይባላል። ስንቅ ያላመጣው ይጠራል። የአንዱ በሽተኛ ሲድን፣ አስታማሚው የተረፈውን ከሰልና ምግብ ገና ለሚቆየው ትቶለት ይሄዳል፤ እርሱም ሲመጣ ከሌላ ያገኘው ነበር።

ተጠራጣሪው እዚህም ዝም አይልም። «ይህ እኮ ዕቁብ ነው፤ ዛሬ አበላሃለሁ፣ ነገ ታበላኛለህ። ችግር ስላለባቸው ነው እንጂ ደጎች ስለሆኑ አይደለም» ይላል። በከፊል ልክ ነው። አልጋ የያዘበት ሰው ብቻውን መቆም እንደማይችል ያውቃል። ቲኬት የያዘ ሰው ደግሞ ለጊዜው ማንንም የማያስፈልገው ይመስለዋል። ነገር ግን ዛሬ የሚወጣውን ሰው እንይ። በሽተኛው ድኗል፤ መኪና በር ላይ ቆሟል፤ የነገ ብድር የለበትም። ከሰሉን ይዞ ቢሄድ ማን ይከሰዋል? እርሱ ግን ይተወዋል። ይህ ዕቁብ ከሆነ ጣል ጣል ማድረጊያ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚከፈል ዕቁብ ነው። የሰውየው ምክንያት ከፍልስፍና የራቀ አይደለም፦ «እኔ እሄዳለሁ፤ አስታማሚ ግን ነገም ይመጣል።» ይህንን ነው መንገደኛው በምግብ ቤቱ ውስጥ የረሳው።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ሲባል በሩን የከፈተው ገበሬ እንግዳውን ዳግመኛ እንደማያየው ያውቅ ነበር። እንግዳውም በልቶ ዝም ብሎ አልወጣም። ገንዘብ ባይኖረው ምርቃት ነበረው፤ «ቤታችሁ ይሙላ፣ አይጉደልባችሁ» ይላል። ምርቃት የሄያጅ ሰው ክፍያ ነው። ውስጡን ብናየው ደግሞ እርሱ ከሄደ በኋላ ስለሚኖረው ጊዜ የሚናገር ቃል ነው። «እኔ ባልኖርበትም ይህ ቤት ነገ ደኅና ይሁን» ማለት ነው። ሒሳብ ያለፈውን ይዘጋል፤ ምርቃት የሚመጣውን ይከፍታል። ስለ አስተናጋጅ ግዴታ ብዙ ተብሏል፤ የእንግዳ ግዴታ ግን ከነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ በኋለኛው ላይ ያረፈ ነው።

ነገሩ የምግብ ቤት ወግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቀለም ባላባከንን። በአገራችን መሄድ ከምንጊዜውም በላይ የብዙ ወጣት ሐሳብ ሆኗል። ከወላይታ ገጠር አንዱ ጫማ ለመጥረግ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ለቀን ሥራ ወደ ሌላ ከተማ፣ አንዱ ደግሞ ድንበር ተሻግሮ ይሄዳል። መሄድ ኃጢአት አይደለም። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ በሆነበት አገር መሄድ ብዙ ጊዜ ለቀሩት ሲባል የሚከፈል መሥዋዕት ነው። በመስከረም ጊፋታ ሲደርስ ሊስትሮው ያጠራቀማትን ይዞ፣ ለእናቱ ልብስ ገዝቶ ወደ ቀዬው ሲመለስ ያየ ሰው ሄያጅ ሁሉ መንገደኛ እንዳልሆነ ይገባዋል። እርሱ ሒሳብ አልዘጋም።

የሚያስፈራው የሌላው ነው፤ ሳይሄድ የሄደው። ቲኬት ባይኖረውም በገዛ ከተማው እንደ ተሳፋሪ የሚኖር ሰው አለ። የሰፈሩ ቧንቧ ሲፈስ «እኔ እዚህ አልቆይም» ይላል። መምህር ሆኖ ክፍል ሲገባ ዓይኑ በሰሌዳው ላይ ነው፤ በጥቁሩ ሰሌዳ ሳይሆን በበረራው። ሹም ሆኖ ሲቀመጥ ወንበሩን እንደ መጠበቂያ ወንበር ይቆጥረዋል፤ ጫካውን ያስቆርጣል፣ መሬቱን ይሸጣል፤ ከሚቀጥለው ሹመት በኋላ ፍርስራሹን የሚያይ እርሱ አይደለምና። እያንዳንዱ «እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ለጊዜው ነው» ይላል። ከተማዋ ግን የምታየው አንድን ሰው አይደለም። በየሁለት ዓመቱ ፊቱን እየለወጠ የሚመጣውን ያንኑ መንገደኛ ነው። አገር የሚጎዳው ሰዎች ስለሚሄዱበት ብቻ አይደለም፤ ያሉበትም ሰዎች እንደ መጠበቂያ አዳራሽ ሲቀመጡበት ነው።

የዚህን ተቃራኒ ለመሆን ጀግንነት አይጠይቅም። በምግብ ቤቱ እንጀምር፤ አስተናጋጇን ቀና ብሎ አይቶ ማዘዝ ገንዘብ አያስወጣም። ከተመቸ ጉርሻ መተው፣ ካልተመቸ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሥራሽ ይባረክ» ማለት ይቻላል። ዓሣው ከየት እንደመጣ መጠየቅ፣ ገና ያልደረሰ ትንሽ ዓሣ ሲቀርብ «ይህ ባይጠመድ ጥሩ ነበር» ብሎ ለባለቤቱ መንገር ይቻላል። ባለቤቱ ከአንድ መንገደኛ የሰማውን ይረሳል፤ መንገደኛ ሁሉ የሚለውን ግን አይረሳም፤ የሚሸጠው ለእርሱ ነውና። ከሚቀጥለው ተመጋቢ ጋር ባንተያይም ወንበሩን እንቀባበላለን፤ ጠረጴዛው ለእርሱ እንዲመች አድርጎ መነሣት ለማይታወቅ ሰው የሚላክ ሰላምታ ነው።

እንግዲህ የተረቱን ሕግ ብናስታውስ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ የሚያፋቅረው ሁለተኛው ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ምግብ ቤት የሚነሣ ሰው ሁለተኛውን ጉርሻ ራሱ ሊያጎርስ አይችልም፤ ጊዜ የለውም፤ ተጠርቷል። ነገር ግን ሁለተኛዋን ጉርሻ ያው እጅ ማጉረስ አለበት የሚል ሕግ የለም። የመጀመሪያዋን እርሱ ካጎረሰ፣ ከኋላው የሚመጣው መንገደኛ ሁለተኛዋን ያደርሳታል። ከእርሱ በፊት የነበረው አጉርሶ ሄዶ ከሆነም፣ የዛሬው እጅ ሳያውቀው ሁለተኛዋን ይዟል።